ደብተሩ ይቅደም ወይስ ኮምፓይለሩ?

በዚህ ክረምት ደብረ ማርቆስ ላይ ለ24 ልጆች የሁለት ሳምንት የፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ፣ ማለትም ግብዓት ተቀብለው ውጤት በሚመልሱ ፋንክሽኖች ፕሮግራም የመጻፍ፣ ሥልጠና ሊሰጥ ነው። የፕሮግራሚንግ ቋንቋው ሃስኬል ነው። ልጆቹ 12ኛ ክፍልን ጨርሰዋል፣ አብዛኞቹ ግን ኮድ ጽፈው አያውቁም። ያለው ላፕቶፕ 11 ነው። አሠልጣኞቹ ሁለት ናቸው፦ አንደኛው የደብረ ማርቆስ የሒሳብ መምህር፣ ሁለተኛዋ ባሕር ዳር ሆና ሶፍትዌር የምትሠራ ፕሮግራመር። ያልተስማሙት በአንድ ነገር ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት በደብተር ዳታ ታይፕ (የመረጃ ዓይነትና መልክ) በመማር ይለፉ ወይስ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ኮምፓይለሩ፣ ማለትም ኮዱን መርምሮ ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይረው መሣሪያ፣ ይከፈት?

መምህሩ፦

እታለም፣ የእኔ ሐሳብ ግልጽ ነው። የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት ላፕቶፕ አይከፈት። ደብተርና እርሳስ ይበቃል።

ፍኖተ ሰላም የማውቀው አንድ እህል ነጋዴ አለ። በቀደም የሽያጭ ደብተሩን አሳየኝ። በቆሎ ስንት ኩንታል፣ ጤፍ ስንት ኩንታል፣ ከጎኑ ደግሞ "ክፍያ" የሚል ዓምድ። አንዱ መስመር ላይ "ተቀበልኩ" ይላል። ሌላው ላይ የቴሌብር ደረሰኝ ቁጥር ብቻ አለ። ሌላው ላይ የሰው ስምና "ከጥምቀት በኋላ" የሚል ተጽፏል። ሦስት መስመሮች ላይ ደግሞ ምንም የለም። ባዶው ምን ማለት ነው ብዬ ስጠይቀው ሁለቱን አስታወሰ፣ ሦስተኛው ጠፋበት። ተከፍሎት ይሁን ዱቤ ሰጥቶ ይሁን አያውቅም፤ የስምንት ኩንታል በቆሎ ዋጋ ነው።

ይህ ሰው የጎደለው ኮምፒውተር አይደለም። ክፍያ ስንት መልክ እንዳለው ቁጭ ብሎ አልቆጠረም። ክፍያ ወይ ጥሬ ገንዘብ ነው፣ ያኔ ሌላ የሚጻፍ ነገር የለም። ወይ በስልክ ነው፣ ያኔ የደረሰኝ ቁጥር የግድ ነው። ወይ ዱቤ ነው፣ ያኔ ስምና ቀን የግድ ነው። አራተኛ መልክ የለውም። በሃስኬል ይህ አንድ መስመር ነው። "ዳታ ክፍያ" ብለሽ ሦስቱን መልኮች በቁም መስመር እየለየሽ ትደረድሪያለሽ፣ ከዚያ በኋላ ቀን የሌለው ዱቤ መጻፍ የሚባል ነገር የለም። ያ ባዶ ቦታ ትልልቆቹንም ያስቸገረ ነው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ቶኒ ሆር በ1965 እ.ኤ.አ. ወደ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ያስገባውን "ነል"፣ ማለትም "ምንም የለም" የሚለውን ባዶ ምልክት፣ ከብዙ ዓመት በኋላ የቢሊዮን ዶላር ስህተቴ ብሎታል።

ይህን ለማስተማር ደግሞ እኛ ጎጃሞች አዲስ አይደለንም። ዋሸራ ሄድሽ ጎንጅ፣ የቅኔ ተማሪ ብራናና ቀለም ይዞ አይጀምርም። በጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ ሁለት ቤት (መስመር) ነው። ከዚያ ዘአምላኪየ ይቀጥላል፣ ሦስት ቤት። እያለ እስከ መወድስ ይደርሳል፣ ስምንት ቤት። መልኩን በጭንቅላቱ ይይዛል፣ ዱር ገብቶ ብቻውን ቅኔ ሲቆጥር (ሲደርስ) ይውላል። ልጆቻችንም እንዲሁ ይጀምሩ ነው የምለው።

ፕሮግራመሯ፦

ጋሼ፣ የነጋዴው ደብተር ጥሩ ምሳሌ ነው፣ ከእሱ የተሻለ እኔም አላመጣም። የቅኔ ቤቱን ነገር ግን ግማሹን ነው የነገሩን። ተማሪው ዱር ውሎ ቅኔውን ከቆጠረ በኋላ ማታ ምን ያደርጋል? ይነግራል። አስነጋሪው ፊት ቀርቦ ይላታል። ቤት ከጎደለ፣ ግሱ ከተሰበረ፣ እዚያው ይታረማል። በማግሥቱ ሌላ ይቆጥራል። አራት ቀን ሙሉ ሳይነግር የከረመ ተማሪ አይተው ያውቃሉ? ኮምፓይለሩ ለእኔ አስነጋሪው ነው። እርስዎ ደግሞ 24 ደብተር በአንድ ማታ ሊያርሙ አይችሉም።

አሁን ወደ ሰሌዳዎ ልምጣ። "ዳታ ክፍያ" ብለው በአማርኛ ሊጽፉ ነው አይደል? ሦስቱን መልኮች "ጥሬ"፣ "በስልክ"፣ "ዱቤ" ብለው ሊሰይሙ ነው። ልጆቹ አራት ቀን እንዲህ እየጻፉ ይከርማሉ። በአምስተኛው ቀን ላፕቶፕ ላይ ሲያስገቡት አይሠራም። ሃስኬል የታይፕም የኮንስትራክተርም (የእያንዳንዱ መልክ) ስም በካፒታል ፊደል እንዲጀምር ያስገድዳል። የእኛ ፊደል ካፒታል የለውም። ጂኤችሲ፣ ማለትም የሃስኬል ዋናው ኮምፓይለር፣ የግዕዝን ፊደል በሙሉ እንደ ትንሽ ፊደል ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ "ዋጋ" የሚል ፋንክሽን በደስታ ይቀበላል፣ "ዱቤ" የሚል ኮንስትራክተር ግን ይጥላል። እኔ አንዲት ልጅ ሳስተምር እዚህ ላይ ግማሽ ቀን ፈጅተናል። ልጅቷ ሐሳቧ ልክ ነበር፣ እሷ ግን ታይፕ አልገባኝም ብላ ደመደመች። ይህን ከመጀመሪያው ሰዓት ብታውቀው ኖሮ ፊት ለፊቱ አንድ የላቲን ካፒታል ጨምራ ታልፈው ነበር።

ሌላም አለ። አንዱ ልጅ ጂኤችሲአይ፣ ማለትም ኮድ ጽፎ ወዲያው መልስ የሚያይበትን መስኮት፣ ከፍቶ በጥቅስ ውስጥ "ዱቤ" ብሎ ይጽፋል። የሚመለስለት "\4849\4708" ነው። ፊደሉ የተበላሸበት ይመስለዋል። ምንም አልተበላሸም፤ "ፑት ስትሪንግ ላይን" በሚለው ትእዛዝ ቢያወጣው "ዱቤ" ብሎ ያነብለታል። ግን ይህን ደብተር አያሳየውም።

ዋናውን ደግሞ ልንገርዎት። ሦስቱን መልኮች ከደረደርን በኋላ ነጋዴው የሚፈልገው አንዱ ሲረሳ የሚነግረው ነው። ልጁ ፋንክሽን ሲጽፍ ጥሬውንና የስልኩን አስተናግዶ ዱቤውን ቢረሳው ምን ይሆናል? ኤልም የሚባለው ቋንቋ ቢሆን ኖሮ ኮምፓይል አላደርግም ይለዋል። ሃስኬል ግን ካልነገሩት ዝም ይላል! ፕሮግራሙ ይሄዳል፣ የመጀመሪያው ዱቤ ሲመጣ ይወድቃል። እንዲያስጠነቅቅ ከተፈለገ ፋይሉ አናት ላይ "ደብሊው ኦል" የሚባለውን ምርጫ ማብራት ያስፈልጋል። እርስዎ የሚያመሰግኑት የታይፕ ጥቅም ግማሹ ያለው አንዲት የመሣሪያ መስመር ውስጥ ነው።

መምህሩ፦

የካፒታሉን ነገር አላውቀውም ነበር፣ አመሰግናለሁ። እሱን ሰሌዳ ላይም አስተካክላለሁ።

የ"\4849\4708" ነገር ግን ለእኔ ነው የሚመሰክርልኝ። ለምን ቁጥር ሆነ? ስትሪንግ (ጽሑፍ) በሃስኬል የካራክተር (የፊደል) ሊስት (ዝርዝር) ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ካራክተር ደግሞ በዩኒኮድ፣ ለፊደላት ቁጥር በሚሰጠው የጋራ ሥርዓት፣ የራሱ ቁጥር ስላለው ነው። "ዱ" 4849 ነው፣ "ቤ" 4708 ነው። ይህን በደብተር የተማረ ልጅ ያ መልስ ሲመጣለት ገና ሁለት ቁጥር እንደሚሆን ያውቃል፣ ፊደሉን ቆጥሮ። ያልተማረው ነው የሚደነግጠው።

አስነጋሪ ነው ያልሽውንም ልያዝልሽ። አስነጋሪ በተማሪው ደረጃ ነው የሚያርመው። ጉባኤ ቃና ለጀመረ ልጅ የመወድስ ሕግ አይነግረውም። ኮምፓይለሩስ? ልጁ የአምስት ትምህርት ውጤቱን ደምሮ ለሊስቱ ርዝመት ሊያካፍል ይሞክራል፣ አማካይ ፈልጎ። ከዚህ የቀለለ ሥራ የለም። ርዝመቱ "ኢንት" ነው፣ ሙሉ ቁጥር። የማካፈያው ምልክት ደግሞ ሙሉ ቁጥር አይቀበልም። ጥሩ፣ ይህ የታይፕ ትምህርት ነው። ኮምፓይለሩ ግን የሚለው "ኖ ኢንስታንስ ፎር ፍራክሽናል ኢንት" ነው። ኢንስታንስ ምንድን ነው? ፍራክሽናል ምንድን ነው? ሁለቱም የታይፕ ክላስ ቃላት ናቸው፣ ያ ትምህርት ደግሞ ገና ሩቅ ነው። የርዝመት ፋንክሽኑን ታይፕ ልጠይቅ ብሎ ኮለንና ቲ ቢጽፍ ደግሞ "ፎልደብል" የሚል ቃል ይመጣበታል፣ ሊስት የሚለውን ሲጠብቅ። ልጁ በማያውቀው ቃል ላይ ሌላ የማያውቀው ቃል ይጨመርበታል።

ከዚያ ደግሞ ሃስኬልን ላፕቶፕ ላይ መዘርጋቱ (ኢንስቶል ማድረጉ) አለ። ከዓመታት በፊት በአንድ ሥልጠና ላይ ረዳት ነበርኩ። የመጀመሪያው ቀን ሙሉ ያለቀው በማውረድ ነው። ሃስኬል ሲዘረጋ በጊጋባይት የሚቆጠር ነው፣ ኔትወርኩ ይቋረጣል፣ መብራት ይሄዳል፣ የወረደው ከግማሽ ይቀራል። ግማሹ ልጅ አዲሱን ስሪት አወረደ፣ ኤዲተሩ (የኮድ መጻፊያው) ውስጥ እየሠራ ስህተትንና ታይፕን የሚጠቁመው ላንጉጅ ሰርቨር ግን ያንን ስሪት ገና አያውቀውም ነበር። ማታ ላይ አንድም ልጅ አንድ መስመር አልጻፈም። በማግሥቱ አራት ልጆች ቀሩ። አንደኛው የእኔው ተማሪ ነበር፣ ከእነ ጠረጴዛው አስታውሰዋለሁ፣ በሒሳብ ክፍሉን የሚመራ ልጅ። "ይሄ ነገር ለእኔ አይደለም" ብሎ ነው የሄደው። ምንም ሳይማር።

ፕሮግራመሯ፦

ለዚያ ልጅ አዝኛለሁ ጋሼ፣ የምሬን ነው። ያ ቀን ግን የመሣሪያ ጥፋት ሳይሆን የዝግጅት ጥፋት ነው። ልጅ ለምን ኢንስቶል ያደርጋል? እኔ አለሁ አይደል? 11ዱንም ላፕቶፕ ሳምንት ቀድሜ አዘጋጃለሁ። ሃስኬልን የሚያወርደው መሣሪያ፣ ጂኤችሲአፕ፣ "የሚመከር" ብሎ ምልክት ያደረገበትን ስሪት አወርዳለሁ፣ አዲሱን አይደለም፣ ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት፣ በፍላሽ። ካባልና ስታክ የሚባሉት የፓኬጅ ማስተዳደሪያዎች አይኖሩም፣ ፓኬጅ ማውረድ አይኖርም። አንድ ፋይልና አንድ ጂኤችሲአይ ብቻ። ኔትወርክ ቢቋረጥ ልጆቹ አያውቁም።

የኤረር መልእክቱን በተመለከተ እውነትዎን ነው። የሃስኬል መልእክት ለጀማሪ ይከብዳል። ግን እርስዎ ሁልጊዜ ተሳሳትክ ሲል ብቻ ነው የሚያስቡት። ሲጠየቅም ይመልሳል።

እንዲህ ነው የማስተምረው። የነጋዴውን ፋንክሽን እንጀምራለን፦ ክፍያ ተቀብሎ ገና ያልተሰበሰበውን ብር የሚመልስ። ጥሬ ከሆነ ዜሮ። በስልክ ከሆነ ዜሮ። ዱቤ ላይ ስንደርስ ልጁ ምን እንደሚጽፍ አያውቅም። አይጻፍ። አንድ የታች ሰረዝ ብቻ ያስቀምጥና ይጫን። ኮምፓይለሩ እዚህ ክፍተት ላይ የሚፈለገው "ኢንት" ነው፣ በእጅህ ያለው ደግሞ ስም የሚባል ስትሪንግና ቀን ነው ብሎ ይዘረዝርለታል። ልጁ ያየዋል፦ ብር ተጠይቋል፣ በእጁ ግን ብር የለም። ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ ዱቤ ሲሉ ስምና ቀን ብቻ ነበር ያሉት። የገንዘቡን መጠን ረስተውታል! ደብተር ላይ አራት ቀን ሙሉ ማንም ላያየው ይችላል። ክፍተቱ ግን በአንድ ደቂቃ ያሳያል።

መምህሩ፦

መጠኑን የተውኩት ሌላ ዓምድ ላይ ስላለ ነው፣ ኩንታሉና ዋጋው አጠገቡ ተጽፏል። ያም ሆኖ ነጥብሽ ገብቶኛል። ታይፑ ብቻውን የቆመ ስላልነበረ ፋንክሽኑ ለብቻው ሊያሰላው አይችልም። ይህን እኔ አላየሁትም፣ የታች ሰረዟ አየችው።

ስለዚህ አራቱን ቀን ወደ ሁለት አወርዳለሁ። "ደብሊው ኦል" ከመጀመሪያዋ ፋይል ጀምሮ ይኑር፣ ተስማምቻለሁ።

ሁለት ነገር ግን አልለቅም። አንደኛ፣ ልጁ የፋንክሽኑን ታይፕ በእጁ ሳይጽፍ ኮለንና ቲ አይጠይቅም። ሃስኬል ታይፑን ራሱ ይደርስበታል፣ የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ የሮቢን ሚልነርና የሎጂክ ሊቁ የሂንድሊ ሥራ ነው፣ ትልቅ ሥራ ነው። ለጀማሪ ግን አደጋ አለው፣ ኮምፓይለሩ ከደረሰበት ልጁ አይደክምም። ኦካምል በሚባለው ቋንቋ ላይ ለሙሉ ቁጥርና ለነጥብ ቁጥር የመደመሪያ ምልክቱ እንኳ የተለያየ ነው፣ ልጁ እያንዳንዷን መደመር ሲጽፍ ምን እየደመርኩ ነው ብሎ እንዲያስብ ይገደዳል። እኔም ያንን ማሰብ ነው የምፈልገው። ሁለተኛ፣ ኤዲተር ላይ ታይፑን ከጎን የሚጽፍ ላንጉጅ ሰርቨር በዚህ ሥልጠና አይገባም።

ፕሮግራመሯ፦

በእጅ ይጻፍ የሚለውን እቀበላለሁ፣ እኔም ሥራ ላይ እንደዚያ ነው የማደርገው። ላንጉጅ ሰርቨሩ በሁለተኛው ሳምንት ይግባ፣ ከዚያ በላይ አላዘገይም። ከሥልጠናው በኋላ ብቻቸውን ሲሆኑ እኔም እርስዎም አጠገባቸው አንኖርም፣ ያኔ የሚያወራቸው እሱ ነው።

ለሁለቱ የደብተር ቀናት ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ። አንድ ላፕቶፕ ብቻ ከፕሮጀክተር ጋር ፊት ለፊት ይቀመጥ። ልጁ ደብተሩ ላይ የጻፈውን ወጥቶ እዚያ ያስገባ፣ ሁሉም እያየ። ፍላሹን ሐሙስ በሚኒባስ እልካለሁ፣ ስትሪንግ የሚያወጣውንም ትእዛዝ በአማርኛ "ጻፍ" ብዬ ሰይሜዋለሁ፣ በትንሽ ፊደል ስለሆነ ይሠራል።

መምህሩ፦

ፍላሹን መናኸሪያ ወጥቼ እቀበላለሁ። ፕሮጀክተሩ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ይበራል። በመጀመሪያው ቀን አይሆንም እታለም፣ ያን ቀን የነጋዴውን ደብተር ነው የማስዞረው።