ዕቅዱ ሲወጣ የት ነበራችሁ?

ወገኖቼ፣ በተለይ አሜሪካ ውስጥ በሃውዚንግ ቤት (መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው በሚያከራየው የሕዝብ ቤት) የምትኖሩ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቤታችሁ ፈርሶ እንደገና ሊሠራ ሲታቀድ ስብሰባው ላይ አትገኙም። የምቆጣው ነገራችሁ ስለሚገደኝ ነው።

መንግሥት ያረጁ የሕዝብ ቤቶችን አፍርሶ ለመሥራት ገንዘብ ሲመድብ የመጀመሪያው አይደለም። በ1992 (እ.ኤ.አ.) ኮንግረስ ሆፕ ሲክስ የተባለውን ፕሮግራም ጀመረ። ብዙ አሮጌ ሕንፃ ፈረሰ፤ ቦታው ላይ ያማረ ሰፈር በቀለ። ነገር ግን በፈረሰው ልክ ይተካ የሚለው ሕግ በመካከል ታገደ፤ በ1998 ጭራሽ ተሰረዘ። ከነባሩ ነዋሪ ብዙው ሳይመለስ ቀረ።

በ2010 የመጣው ቾይስ ኔበርሁድስ የተባለው ተተኪ ፕሮግራም ከዚህ ተምሯል። ቤቱን ብቻ ሳይሆን ነዋሪውንና ዙሪያውን ሰፈር አብሮ ያያል። ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር ለፈረሰ ቤት ሁሉ ምትክ ይጠይቃል። የኪራይ ውሉን አክብሮ የኖረ ተከራይ ደግሞ የመመለስ መብት አለው። ሲያትል ከተማ ያለውን «የስለር ቴራስ» የተባለ የሕዝብ ቤቶች ሰፈር ተመልከቱ። አበሻው በብዛት የኖረበት ሰፈር ነው። 561 ቤቶች ነበሩት። በ2011 እና በ2012 በድምሩ 30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፕሮግራሙ አገኘ። ለ561ዱም ምትክ እንደሚሠራ ቃል ተገባ። በ2015 የተከፈተው አዲስ ሕንፃ ስሙ ከበሮ ኮርት ነው። ከመሬቱ ከፊሉ ግን ለግል አልሚዎች ተሸጧል። ገንዘቡ ሲመጣ ሁሉም ይመጣል፤ ድርሻውን የሚጠይቅ ብዙ ነው።

እናንተስ? ስብሰባ ሲጠራ ያየሁትን ልንገራችሁ። አስተርጓሚው ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል። የትርጉም ማዳመጫው ሳጥን ጠረጴዛ ላይ ይከፈታል። የሶማሊኛው ማዳመጫ ያልቃል፣ የቬትናምኛው ያልቃል። የአማርኛው እንደተደረደረ ይመለሳል። በማግስቱ ቡና ላይ «እነሱ እኮ ድሮ ጨርሰውታል» ይባላል። እንዴት አወቃችሁ? ወንበሩ ላይ ማን ተቀምጦ ሰማ?

ቀልድ አይደለም። ዕቅድ አውጪው ስንት ባለ አንድ፣ ስንት ባለ አራት መኝታ ቤት እንደሚያስፈልግ የሚያውቀው ከነዋሪው መጠይቅ ነው። ስድስት ልጅ ያላት እናት መጠይቁን ሳትሞላ ከቀረች፣ በወረቀት ላይ የለችም። ሕንፃው በስቱዲዮ (መኝታው ባልተለየ ባለ አንድ ክፍል ቤት) ከተሞላ በኋላ ማልቀስ ግድግዳ አይገፋም። ለቅሶ የምንቀመጥበት፣ ሰርግ የምንመልስበት ሰፊ አዳራሽ ይኑር የሚል ሰው ከሌለ፣ አዳራሹም አይኖርም። ይህን የሚያውቅ ፈረንጅ አርክቴክት ከየት ይምጣ? እናንተ ካልነገራችሁት ማን ይንገረው?

ከቤቶች ቢሮው የሚመጣው ደብዳቤም እንዲሁ ነው። ፍሪጅ ላይ ተለጥፎ ይከርማል። ወይም የአስር ዓመት ልጅ እንዲተረጉም ይሰጠዋል። ስለ ቤታችሁ የሚናገር ሕጋዊ ወረቀት ለልጅ አይሰጥም። አስተርጓሚ በነጻ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ለመውጣት ቢያንስ የ90 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ ሊደርሳችሁ ይገባል። የዕቃ ማጓጓዣውንም ወጪ ቢሮው ይሸፍናል። ይህን ሳያውቁ በራሳቸው ቫን ተከራይተው የወጡ አሉ፤ ያንገበግባል።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር። ሊዙ (የኪራይ ውሉ) ላይ ያልተመዘገበ ዘመድ አስጠግታችሁ የምትኖሩ አላችሁ። ደግነታችሁ ገብቶኛል። ነገር ግን ሕንፃው ሲፈርስ ያ ሰው ምትክ ቤትም ሆነ ቫውቸር (ከግል አከራይ ለመከራየት መንግሥት የሚሰጠው የኪራይ ድጋፍ) አይጠብቀውም። እናንተም ውሉን ጥሳችኋል ተብላችሁ የመመለስ መብታችሁን ልታጡ ትችላላችሁ። ፈቃድ ጠይቁና አስመዝግቡ። ኪራዩ እንደ ገቢ ስለሚሰላ ሊጨምር ይችላል። ቢጨምርም ሜዳ ላይ ከመውደቅ ይሻላል።

ቫውቸር ይዛችሁ በሲያትል ዙሪያ ወዳሉት ኬንት ወይም ተክዊላ ከተሞች የሄዳችሁ፣ አድራሻችሁን አሳውቁ። የመመለሻው ጥሪ የሚሄደው ፋይሉ ላይ ወዳለው አድራሻ ነው። ሥራ ፈላጊዎችም ስሙ፦ በዚህ ገንዘብ በሚሠራ ግንባታ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች ቅድሚያ እንዲሰጥ ሴክሽን ስሪ የሚባል ሕግ ያዛል። ሄዳችሁ ተመዝገቡ እንጂ አጥሩን ከውጭ አትመልከቱ።

አሁን ወደ እናንተ፣ ቤት ገዝታችሁ ወደወጣችሁት። ስንቶቻችሁ ከአውሮፕላን ወርዳችሁ የመጀመሪያውን ክረምት ያሳለፋችሁት በእነዚሁ ቤቶች ነው! ዛሬ ግን «ሎው ኢንካም» (ዝቅተኛ ገቢ ያለው) ስትሉ አፍንጫችሁን ትይዛላችሁ። አታድርጉት። የቾይስ ኔበርሁድስ ገንዘብ በየዓመቱ ኮንግረስ ካላጸደቀው ይቆማል። ዜግነት አላችሁ፣ ድምፅ አላችሁ፣ እንግሊዝኛውም አላችሁ። በጀቱ በሚወሰንበት ወቅት ወደ እንደራሴያችሁ ቢሮ ደውሉ። በሚቀጥለው የነዋሪዎች ስብሰባ ደግሞ መኪና የሌላቸውን እናቶች አሳፍራችሁ ውሰዱ።