መዶሻው መጀመሪያ የሚያርፈው አንበሳው ላይ ነው

ሰሞኑን በአንድ የራዲዮ ውይይት ላይ የቀረቡ እንግዳ፣ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ደጅ የቆመው ደረጃ «የፋሺስት ሥራ ነውና ይፍረስ» ሲሉ ሰማሁ። ጋዜጠኛው «ታሪኩስ?» ቢላቸው፣ «ፎቶው አለ፣ ይበቃል» አሉ።

አይበቃም! የአባቱን መቃብር አርሶ «ፎቶውን ግድግዳ ላይ ሰቅያለሁ» የሚል ልጅ ማን አይቷል?

አራት ዓመት ሙሉ በዚያ ደረጃ ሥር እያለፍኩ ተምሬያለሁ። እየተጠማዘዘ ይወጣና ጫፉ ላይ ሲደርስ ያልቃል፤ የሚያስገባው በር የለም። ውብ ነው አልልም። ጣሊያን ያቆመው ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእያንዳንዱ የፋሺስት ዓመት አንድ እርከን እየቆጠረ ነው። ግን እንግዳው ቀና ብለው ጫፉን አይተውታል? እዚያ ላይ የተቀመጠው የይሁዳ አንበሳ ነው። ጠላት ዕድሜውን የቆጠረበትን ድንጋይ አባቶቻችን ለአንበሳቸው መቀመጫ አደረጉት። ማፍረስ አቅቷቸው ነው? ዘመዶቻቸውን ቀብረው፣ ከዱር ከስደት የተመለሱ ሰዎች ነበሩ። ደረጃውን ለመናድ ከእኛ የበለጠ ምክንያትም፣ ከእኛ የበለጠ ንዴትም ነበራቸው። እነሱ ግን አንዲት እርከን ሳይነቅሉ አንበሳውን አናቱ ላይ አስቀመጡ። ከዚህ የከበደ የድል ሐውልት አዲስ አበባ ውስጥ አላውቅም። ደረጃው ከተነሣ አንበሳው ምን ላይ ቆሞ ምኑን ይናገራል? የትም አደባባይ እንዳለ አንበሳ ይሆናል፤ በቃ።

ክፉ ትዝታ ያለበት ሁሉ ይፍረስ ከተባለማ ቤቱስ ለምን ይተርፋል? አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ግቢ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ሠላሳ ሺህ ያህል ሰው እንዳለቀበት የሚነገረው ጭፍጨፋ ከዚህ ደጅ ተነሣ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ መኳንንቱና ሚኒስትሮቹ የተረሸኑት በዚሁ ቤት አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ ነው። ዛሬ ሙዚየም በሆነው በንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት ያለው መስታወት ጥይት የበሳው ነው፤ ፊቱ ሲቆሙ ቀዳዳው ከራስ ፊት ጋር አብሮ ይታያል። እሱንም በአዲስ መስታወት እንቀይረው? ጃንሆይ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት ደም ከፈሰሰበት በኋላ ነው። ተማሪ እንዲገባበት ሰጡት እንጂ አላስናዱትም።

እንግዳው የካቲት 12 ጧት ስድስት ኪሎ ይምጡ። የሰማዕታቱ ሐውልት ሥር አበባ ያስቀምጡ፤ ከዚያ በግቢው በር ገብተው ደረጃው ሥር ይቁሙ። አሁንም ይፍረስ ካሉ፣ ደረጃ የሚፈርሰው ከላይ ነው፤ የመጀመሪያው መዶሻ የሚያርፈው አንበሳው ላይ ነው። እሱን በአደባባይ ይንገሩን።