ምስጋና ለይደር

ምርጫን በቀኑ ማካሄድ ማንም የሚችለው ነገር ነው። ቀን ይቆረጣል፣ ሳጥን ይቀመጣል፣ ሕዝብ ይሰለፋል፣ ድምፅ ይቆጠራል። ምን ጥበብ አለው? ጥበብ ያለው ይደር ላይ ነው። ይደርን ደግሞ እንደ ኢራቅ ኩርዲስታን (በሰሜን ኢራቅ ያለው የኩርዶች ራስ ገዝ ክልል) ፓርላማ አሳድጎ፣ አስተምሮ፣ ለወግ ለማዕረግ ያበቃው የለም።

ልጁ የተወለደው በ1992 ነው (ዘመኑንም ወሩንም በፈረንጆቹ እቆጥራለሁ)። ኩርዶች ከሳዳም ሁሴን መዳፍ ወጥተው የመጀመሪያ ፓርላማቸውን ለመምረጥ ለሜይ 17 ተቀጣጠሩ። ይሁንና ከጀርመን የመጣው፣ «አይለቅም» የተባለለት የጣት ቀለም ሲሞከር ለቀቀ። ምርጫው ለሁለት ቀን ተገፋ። ሁለት ቀን! ዛሬ ላይ ሆኖ ሲያስቡት ያሳዝናል፤ ምን ያህል ጀማሪዎች ነበሩ።

ሜይ 19 ድምፅ ተሰጠ። የባርዛኒ የኩርዲስታን ዴሞክራቲክ ፓርቲ 51፣ የታላባኒ የኩርዲስታን አርበኞች ኅብረት 49 ወንበር ደረሳቸው። አሸናፊና ተሸናፊ መባባሉ ነውር መስሎ ስለታያቸው ሃምሳ ሃምሳ ተካፈሉ። ሚኒስትሩ ከአንዱ ከሆነ ምክትሉ ከሌላው። አንዱ ሲፈርም ሌላው በትከሻው ላይ አጮልቆ ያነባል። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ አይደል? መድኃኒቱ ሁለት ዓመት ያህል ሠራ። በ1994 ጦር ተማዘዙ፣ ብዙ ሰው አለቀ፣ ክልሉም አንዱ በኤርቢል ሌላው በሱለይማኒያ በሁለት አስተዳደር ተከፈለ (እዚህ ላይ ሽሙጤን አጥፌ አስቀምጣለሁ)። ቀጣዩ የፓርላማ ምርጫ የተካሄደው በጃንዋሪ 2005 ነው። ልጁ በእግሩ ሄደ ማለት ነው።

ጎልማሳነቱንም አየን። በ2013 ፓርላማው የክልሉን ፕሬዚዳንት የመስኡድ ባርዛኒን ዘመን በሁለት ዓመት አራዘመ። ሁለቱ ዓመት ሲያልቅ «ታዲያ አሁንስ?» የሚል ጠያቂ ተነሣ፤ ከጠያቂዎቹ ፊት የነበረው ደግሞ የአፈ ጉባኤው ፓርቲ ነበር። መልሱ ፈጥኖ መጣ። በኦክቶበር 2015 አፈ ጉባኤው ወደ ሥራው ሲሄድ ኤርቢል መግቢያ ላይ ፍተሻ ጣቢያ አስቁሞ መለሰው። ይህን ሥዕል አስቡት፤ ሌላው አገር ፓርላማ ለመበተን አዋጅ ያረቅቃል፣ የሕግ ባለሙያ ይሰበስባል። እዚህ አንድ ዘበኛ እጁን ዘርግቶ «ተመለስ» አለ፣ ምክር ቤቱም ለሁለት ዓመት ገደማ ተዘጋ። በወጪ ቅነሳ በኩል ይህን የሚያህል አላየሁም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። እነዚህ ሁለቱ ፓርቲዎች ሳያብሩ ፓርላማ አስረዋል።

ግን የጥበቡ ከፍታ ከ2022 ወዲህ ያለው ነው። በኦክቶበር 2022 መካሄድ የነበረበት ምርጫ ሳይካሄድ ቀረ፤ የፓርላማው አባላትም እጃቸውን አውጥተው የራሳቸውን ዘመን አንድ ዓመት አራዘሙ። በማግስቱ ዓመት፣ ሜይ 22፣ የምርጫ ኮሚሽኑን ዳግም ሥራ ለማስጀመር ተሰበሰቡ። አንዱ ወገን ዛሬውኑ ድምፅ ይሰጥበት አለ፣ ሌላው መጀመሪያ እንስማማ አለ፣ ከዚያም ካራቫት የታነቀ ካራቫት ይጎትት፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ ቡጢ ይሰነዝር ጀመር። ስለ ምርጫ ኮሚሽን እንዲህ ከልቡ የሚሟገት ምክር ቤት ከየት ይገኛል? ከስምንት ቀን በኋላ ባግዳድ ያለው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘመን ማራዘሙ ከሕገ መንግሥቱ ውጭ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ያደረጋችሁትም ሁሉ እንዳልተደረገ ይቆጠራል ሲል ፈረደ። እንግዲህ ቡጢውም በሕግ ዓይን አልተሰነዘረም። የተመታው ብቻ ነው ማስረጃውን ፊቱ ላይ ይዞ የቀረው።

ከዚያ ቀኑ እንደማይደገስ ሠርግ ጥሪ መምጣት ጀመረ፤ ኖቬምበር 18፣ ፌብሩዋሪ 25፣ ጁን 10። ለእያንዳንዱ የተከበረ ምክንያት አለው። የመጨረሻውን ያስቀረው ፍርድ ቤቱ ለአናሳ ማኅበረሰቦች የተያዙትን 11 ወንበሮች መሰረዙና በሌሎች የምርጫ ሕግ አንቀጾች ላይም መወሰኑ ነበር፤ ትልቁ ፓርቲ በዚህ አኩርፎ አልወዳደርም አለ፣ በኋላ አምስት ወንበር ሲመለስ ተመለሰ። ምርጫው ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ተካሄደ። ሕዝቡ የይደርን ጥበብ ገና አልተማረምና ከተመዘገበው መራጭ ከመቶ ሰባው በላይ በሰዓቱ ተገኝቶ መረጠ።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ጥበቡ ያለቀ መስሎህ ነበር? እኔም መስሎኝ ነበር። ከ100 ወንበር ዴሞክራቲክ ፓርቲው 39፣ አርበኞቹ 23 አገኙ። አብላጫ ለመሆን 51 ያስፈልጋል፤ አንዱ ያለ ሌላው አይሆንለትም፣ አንዱ ከሌላው ጋርም አይሆንለትም። ዲሴምበር 2 አዲሶቹ ተመራጮች ተሰበሰቡ። በዕድሜ ትልቁ አባል ለጊዜው ወንበሩን ያዙ፣ ሁሉም ቃለ መሐላ ፈጸመ። አፈ ጉባኤ ይመረጥ ሲባል የሚመረጥ ሰው ላይ ስምምነት የለም። ታዲያ ስብሰባውን ዘጉት? አልዘጉትም። በተኑት? አልበተኑትም። ክፍት ተው።

ይህን ግኝት በትኩረት ልናየው ይገባል። ድሮ ምርጫን ለማዘግየት ፍርድ ቤት፣ ኩርፊያ፣ ቡጢ ያስፈልግ ነበር። አሁን ምርጫውን በሰላም አካሂዶ ውጤቱን ማሳደር ተቻለ። ስብሰባው ክፍት ስለሆነ ማንም «አልተሰበሰባችሁም» ብሎ ሊከስ አይችልም። ተመራጩ ቤቱ ተኝቶም ጉባኤ ላይ ነው። ቀሪ የለም፤ መቅረት የሚቻለው የተዘጋ ወይም የተከፈተ ነገር ሲኖር እንጂ ክፍት የተተወ ነገር ላይ እንዴት ተደርጎ ይቀራል? ይደር ደግሞ ለጋስ ስለሆነ የመንግሥት ሠራተኛውንም አልረሳውም፤ ባግዳድና ኤርቢል በበጀትና በነዳጅ ሲካሰሱ የወሩ ደመወዝ ወር እየዘለለ ይደርሰዋል።

በ1992 ቀለሙ ቶሎ ስለለቀቀ ሁለት ቀን ጠፋ። በ2024 ቀለሙ ደኅና ነበር፤ ጥፍር ላይ የነካ ቶሎ አይለቅም። መራጩ ግን ጥፍሩ አድጎ ቀለሙን ከነጥፍሩ ቆርጦ ጣለው። ምርጫው አንደኛ ዓመቱን ሲደፍን ስብሰባው እንደተከፈተ ነበር።