«ተጫወተው» ነው የሚለው

ልጆቻችን ክፍል ውስጥ የሃይማኖት ትምህርት ይማራሉ፤ እኛ በረንዳው ላይ ተቀምጠን እስኪወጡ እንጠብቃለን። ከአራታችን ሦስታችን አንገታችንን ስልካችን ላይ ደፍተናል። አራተኛው እጁን አጣምሮ ይታዘበናል። ከሦስት ወር በፊት «ቤቴን ለእግዚአብሔር መልሻለሁ» ብሎ ቴሌቪዥኑን የሸጠ ሰው ነው። ስሙን ልተወውና ባለካርቶኑ እንበለው፤ ካርቶኑ ምን እንደሆነ ይመጣል።

«ምንድነው እንዲህ የመሰጠህ?» አለው አጠገቡ ያለውን ሰው።

ይኼኛው ሙያው ሶፍትዌር መሥራት ነው። «ስብከት ነው» አለ ቀና ሳይል።

አልዋሸም፣ ስብከት ነበር የከፈተው። ግን ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ወደ ኳስ፣ ከኳሱ ደግሞ ወደ መኪና ሽያጭ ተሻግሯል። እንዴት አወቅህ ብትሉኝ፣ የራሴን ትቼ የእሱን ሳይ ነበራ።

«እኔስ ተገላገልኩ» አለ ባለካርቶኑ። «ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን የሁላችንም ስልክ የጫማ ካርቶን ውስጥ ይገባል። እስከ ሦስት ሰዓት ማንም አይነካውም። ጸሎት፣ ንባብ፣ ከዚያ መኝታ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ይዞ ከልምምድ ወደ ልደት፣ ከልደት ወደ ሌላ ግብዣ መሮጡም ቀርቷል። ቤታችን አሁን ገና ቤት ሆነ።»

«ካርቶኑ ውስጥ ሲርገበገብስ?» አለ ባለሙያው።

ባለካርቶኑን የምወድለት ነገር ቢኖር አይዋሽም። ትንሽ አመነታና ነገረን። ባለፈው ማታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲጸልዩ ካርቶኑ ድንገት እርርር ብሎ ጠረጴዛው ላይ መንሸራተት ጀመረ። ሁሉም ዝም አለ። የስድስት ዓመቷ ልጁ ዓይኗን እንኳ ሳትገልጥ፣ «አባዬ፣ ያንተ ነው» አለችው። ከአራት ስልክ መካከል የአባቷን መርገብገብ ለይታ ታውቃለች።

«ከዚያስ? አነሣኸው?»

«አላነሣሁትም። አየሁት ብቻ።»

ተሳሳቅን። ባለሙያው ግን ስልኩን ኪሱ ከተተና ጨዋታውን ወደ ቁም ነገር አዞረው። «አልፈርድብህም። እኔ የማውቀውን ስለማታውቅ ነው። ድሮ ገጽ ያልቅ ነበር። ታች ስትደርስ ‹ቀጣይ› የሚለውን መጫን ነበረብህ፤ ሰው ‹በቃኝ› የሚለው በዚያች ቅጽበት ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ኤዛ ራስኪን የሚባል ዲዛይነር ገጹ ሳያልቅ ራሱን እየጨመረ እንዲሄድ አደረገው፤ በኋላ እሱ ራሱ መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። እንግዲህ ‹በቃኝ› የሚባልበትን ቦታ አውቀው ነው ያጠፉት። ለዚህ ነው ካርቶንህ የማያሳምነኝ። ልጆችህ ‹በቃኝ› ማለትን ካንተ ጋር ቁጭ ብለው ካልተለማመዱት፣ ነገ በጓደኛቸው ስልክ ላይ ማን ያለማምዳቸዋል?»

«መጀመሪያ አንተ ተለማመደው» አለ ባለካርቶኑ። «ስብከት ከፍተህ መኪና ስትገዛ አይቼሃለሁ።»

እውነቱን ነው። ባለሙያው ይህን ሁሉ እያወቀ ልጆቹን ምንም ነገር ሲያለማምድ አይቼው አላውቅም። የመሣሪያውን ተንኮል ማወቅ ለብቻው ከተንኮሉ አያወጣም፤ እኔም ባውቅም ቻርጀሬ ከትራሴ ጎን ነው።

እዚህ ላይ አብረውን የተቀመጡት እትዬ ጨዋታው ውስጥ ገቡ። የልጅ ልጆቻቸውን ለመውሰድ የሚመጡ እናት ናቸው፤ ስልካቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከትተው መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔ ልጆቼን ያሳደግኩት እንዲህ ያለ ስልክ ሳይኖር ነው። ታዲያ ቤቴ ገዳም ነበር እንዳትሉ። የልጆቼ አባት ከሥራ ሲገባ ጆሮውን ሬድዮው ላይ ይለጥፋል። ወሬው እስኪያልቅ ልጅ አይንቀሳቀስ፣ እኔ አልተነፍስ። አጠገባችን ተቀምጦ እንናፍቀው ነበር።»

ይህን ሲሉ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከ1600 ዓመት በፊት በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኤቫግሪየስ፣ እኩለ ቀን ላይ በመነኩሴ ላይ ስለሚመጣ ፈተና ጽፏል። መነኩሴው ከበዓቱ ወጣ እያለ ፀሐይን ያያል፤ ዘጠኝ ሰዓት ለመሆን ስንት ቀረው? ከወንድሞች ብቅ የሚል ሰው ይኖር እንደሆነ ወዲያ ወዲህ ያማትራል። መልእክት መጣ አልመጣ እያልን በየደቂቃው ስልክ ከምናበራው ከእኛ በምን ይለያል? በዚያው ዘመን የነበረው የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስም ቤቱ ተቀምጦ እንሽላሊት ዝንብ ስትይዝ እያየ ልቡ እንደሚሰረቅ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ አልደበቀም። ልብ ለመባከን ባትሪ አያስፈልገውም። ልዩነቱ፣ እንሽላሊቷን አውግስጢኖስ ዘንድ ሆን ብሎ የላካት ሰው አለመኖሩ ነው።

እትዬ ግን መነኩሴውንም እንሽላሊቷንም አልፈለጉም፤ ባለካርቶኑን ያዙት።

«ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ምን ታደርጋላችሁ?»

«እንጸልያለን፣ ምዕራፍ እናነባለን፣ ከዚያ አስረዳቸዋለሁ።»

«ስንት ደቂቃ ታስረዳለህ?»

«አርባ... አንዳንዴ ሰዓትም ይሞላል።»

«ልጆቹስ ምን ይላሉ?»

«ያዳምጣሉ።»

«በል እንግዲህ፣ ቴሌቪዥኑን ሸጠህ ራስህን ተክተሃል» አለ ባለሙያው።

እትዬ አልሳቁም። «ልጄ፣ ዘዳግም ምዕራፍ ስድስት ቁጥር ሰባትን ታውቀዋለህ። ለልጆችህ አስተምረው ይልና፣ በቤትህ ስትቀመጥ፣ በመንገድም ስትሄድ፣ ስትተኛም፣ ስትነሣም... ከዚያ ምን ይላል?»

ባለካርቶኑ አሰበ። «ንገራቸው?»

«‹ተጫወተው› ነው የሚለው። ስበክላቸው አላለም።»

አላመነም። ለማረጋገጥ ምን አደረገ መሰላችሁ? ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ማንም ምንም ሳይል ሁላችንም አየነው፤ እሱም አየን። ፈልጎ አገኘው። ተጫወተው ነው የሚለው።

«እኔም ልናገር?» የሚል ድምፅ ከኋላችን መጣ። ሚስቱ ናት። መቼ እንደደረሰች እንጃ፤ የልጆቹን ሹራብ ክንዷ ላይ አንጠልጥላ ቆማለች።

«ሦስት ወር ሙሉ ‹ኑሯችን ቀለለ› ሲል እሰማዋለሁ። ለእሱ ቀሏል። ቴሌቪዥኑ ልጆቹን ማታ አንድ ሰዓት ይይዝልኝ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ልብስ አጥባለሁ፣ ቤት አነሣለሁ። አሁን ከአንድ እስከ ሦስት ቁጭ ብዬ እሱን አዳምጣለሁ። ሦስት ሰዓት ላይ እነሱ ሲተኙ እኔ ሥራ እጀምራለሁ። ትናንት ጎኔን ያሳረፍኩት ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ ‹ለጸሎት ተነሡ› ይለናል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ? ስታስረዳ?»

ባለካርቶኑ ደነገጠ። «ሰንበትንስ? ሰንበትን አብረን አይደል የምናርፈው?»

«ትእዛዙን በቃሌ አውቀዋለሁ» አለች። «አንተ፣ ወንድ ልጅህ፣ ሴት ልጅህ፣ ሎሌህ፣ ገረድህ፣ ከብትህ፣ በደጅህ ያለው እንግዳ። ከብቱ እንኳ ያርፋል። ሚስት ግን አልተጠራችም። እኛም ቤት እንደዚያው ነው።»

በረንዳው በሳቅ ተሞላ፤ እሷም ሳቀች፣ ግን ዓይኗ አልሳቀም። እትዬ እጇን ያዝ አደረጉና፣ «‹አንተ› ሲል ሁለታችሁንም ነው እኮ። አንድ ሥጋ ተብላችሁ የለ? አንቺ እየሠራሽ እሱ ካረፈ፣ እሱም አላረፈም ማለት ነው» አሏት። ከዚያ ወደ እሱ ዞሩ፤ ሌላ ቃል ግን አልጨመሩም።

በሩ ተከፈተና ልጆቹ እየተጋፉ ወጡ። ክርክሩ በዚያው ቀረ፤ እኔ ግን ከራሴ ጋር ቀጠልኩት።

የማንን ወገን እንደያዝኩ ልናገር። ባለካርቶኑ ካርቶኑን መጣል የለበትም። ከእኛ መካከል አንድ ነገር የሞከረ እሱ ብቻ ነው፤ ሌሎቻችን ዘመኑ ከፋ እያልን ዘመኑን በእጃችን ይዘን እንውላለን። ካርቶኑ ግን ያለ ቦታው ነው ያለው። አሚሾች የሚባሉት የአሜሪካ አማንያን ስልክን ከመኖሪያ ቤታቸው ካስወጡ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ብዙዎቹ ማኅበረሰቦች ግን ጨርሰው አልጣሉትም፣ ውጭ በተሠራች ትንሽ ቤት ውስጥ በጋራ ይጠቀሙበታል። ለመደወል ተነሥቶ፣ ጫማ አድርጎ መሄድ ያስፈልጋል። ባለሙያው ጠፋ ያለው «በቃኝ» የሚባልበት ቦታ ለእነሱ ያ መንገድ ነው። ጸሎት መካከል ጠረጴዛ ላይ የሚንሸራተት ካርቶን ግን መንገድ የለውም።

ሁለቱ ሰዓት ደግሞ በዝቷል። አባትየው እምነትን ቀኑ ካለቀ በኋላ እንደሚተላለፍ ፕሮግራም አድርጎት ነው ሚስቱ ላይ የከበዳት። ጥቅሱ ግን ሌላ ሰዓት አልመደበም፤ መቀመጥ፣ መሄድ፣ መተኛት፣ መነሣት፣ ማንም በየቀኑ የሚያደርጋቸው ናቸው። ጸሎቱ አሥር ደቂቃ ይሁን። ከዚያ የታጠበው ልብስ አልጋው ላይ ይፍሰስና አራቱም ዙሪያውን ይቀመጡ፤ ሹራብ እያጠፉ ስለ ዮሴፍ ቀሚስ ይጫወቱ። ልጅ የሚጠይቀው እጁ ሥራ ሲይዝ ነው፤ ፊት ለፊት አስቀምጠው ሲያስረዱት ግን የሚቆጥረው ደቂቃ ነው፣ እንደዚያ መነኩሴ ፀሐይ እያየ። እናትየዋም ሦስት ሰዓት ላይ ትተኛለች። ያቺ ሴት በጊዜ ካልተኛች፣ ባሏ ኑሯችን ቀለለ ሲል እኔ አላምነውም።

ይህንኑ ለባለካርቶኑ ነገርኩት። «ልብስ ማጠፍ እኮ አልችልም» አለኝ።

በሳምንቱ ስንገናኝ ልጁ እያስተማረችው እንደሆነ ነገረኝ። እጅጌው ላይ ደርሰዋል።