ኤሌክትሮኑ ከየት መጣ? በሁለት ኦክሳይዶች መጋጠሚያ ላይ የቀረበ ክርክር

ጥያቄው፦ ስትሮንቲየም ቲታኔትም ሆነ ላንታነም አሉሚኔት ለየብቻቸው ኤሌክትሪክ አያስተላልፉም። አኪራ ኦቶሞና ሃሮልድ ሁዋንግ በ2004 ሁለተኛውን በአንደኛው ላይ በስሱ ደርበው ሲለኩ ግን መጋጠሚያው እንደ ብረት እንደሚያስተላልፍ አሳዩ። ኤሌክትሮኖቹ ከየት መጡ? አራት ኪሎ ላይ እንዲህ ያለ ናሙና እጁ የገባ ተማሪስ ከምን ይጀምር?

ከንብርብሩ ነው የሚሉት ተከራካሪ

ስትሮንቲየም ቲታኔት ከታች ወደ ላይ ሲቆጠር አንድ ንብርብር ስትሮንቲየም ኦክሳይድ፣ አንድ ንብርብር ቲታኒየም ኦክሳይድ እያለ ይሄዳል፤ ሁለቱም የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) የላቸውም። የላንታነም አሉሚኔት ንብርብሮች ግን አንዱ ፖዘቲቭ፣ ቀጣዩ ኔጌቲቭ ነው። ስለዚህ አንድ ጥንድ በተደረበ ቁጥር ቮልቴጁ ይጨምራል፤ በስሌት ለአንድ አሃድ ሴል (በክሪስታሉ ውስጥ እየተደጋገመ ለሚሄደው ትንሹ ክፍል) 0.9 ቮልት ገደማ። የስትሮንቲየም ቲታኔት የኃይል ክፍተት፣ ማለትም የታሰረ ኤሌክትሮን ነጻ ሆኖ እንዲያስተላልፍ የሚያስፈልገው ኃይል፣ 3.2 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። 3 አሃድ ሴል ላይ ገና አልተደረሰበትም፣ 4 ላይ ታልፏል፤ ያኔ ኤሌክትሮን ከላይኛው ገጽ ወደ መጋጠሚያው ይወርዳል። በ2006 በሙከራ የታየውም ይኸው ነው፤ 3 ሲደረብ ምንም የለም፣ 4 ሲሆን በአንዴ ያስተላልፋል።

ወንድሜ ሁሉንም በኦክስጅን ጉድለት፣ ማለትም ከክሪስታሉ በጎደሉ የኦክስጅን አተሞች፣ ሊያስረዱ ይፈልጋሉ። እንግዲያው መሠረቱ (ከታች ያለው የስትሮንቲየም ቲታኔት ክሪስታል) ላይኛው ንብርብሩ ስትሮንቲየም ኦክሳይድ ሲሆን መጋጠሚያው የማያስተላልፈው ለምንድን ነው? ሙቀቱ፣ ለመደረብ የሚያገለግለው ሌዘር፣ የኦክስጅኑ ግፊት ያው ነው፤ የተለወጠው አንድ ንብርብር ብቻ ነው።

ስለዚህ ተማሪው ከመሠረቱ ይጀምር። ክሪስታሉ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፍ፤ ከዚያ አሞኒየም ፍሎራይድ በተቀላቀለበት ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ 30 ሰከንድ ያህል ይነከርና ይታጠብ፤ በመጨረሻ በኦክስጅን ውስጥ 950 ዲግሪ ላይ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይቆይ። በትክክል ከተሠራ ገጹ 0.4 ናኖሜትር ከፍታ ያላቸው ንጹሕ ደረጃዎች ያወጣል፤ አሲዱ ውስጥ ከቆየ ግን ይቦረቦራል። ይህ አሲድ ቆዳ ዘልቆ አጥንት ይደርሳል፤ የካልሲየም ግሉኮኔት ቅባት አጠገብ ከሌለ ጠርሙሱ ፈጽሞ አይከፈት።

ከኦክስጅን ጉድለት ነው የሚሉት ተከራካሪ

እህቴ ስሌቱን አሳምረው አስቀመጡ፤ መጨረሻውን ግን ተዉት። በእሳቸው መንገድ ለእያንዳንዱ አሃድ ሴል ግማሽ ኤሌክትሮን መውረድ አለበት፤ ይህም በካሬ ሴንቲሜትር 3.3 × 10¹⁴ ይሆናል። ኦክስጅን በሚገባ ካገኘ ናሙና በሆል መለኪያ (በማግኔት አማካይነት የሚያስተላልፉትን ኤሌክትሮኖች ብዛት በሚለካው) የሚገኘው ግን ብዙውን ጊዜ አሥር እጥፍ ያህል ያንሳል። በ10⁻⁶ ሚሊባር የኦክስጅን ግፊት የተሠራ ናሙና ደግሞ ከ10¹⁶ ያልፋል። ይህን ሁሉ ንብርብሩ ሊሰጥ አይችልም። አንድ ኦክስጅን ከክሪስታሉ ሲወጣ ሁለት ኤሌክትሮን ጥሎ ይሄዳል፤ ምንጩ እዚያ ነው።

ለማረጋገጥ ሌዘር እንኳ አያስፈልግም። ምንም ያልተደረበበት፣ 5 በ5 ሚሊሜትር የሆነ ስትሮንቲየም ቲታኔት እንደ መስታወት የጠራ ነው። ቫኪዩም ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት ቆይቶ ሲወጣ ነጭ ወረቀት ላይ ያስቀምጡት፤ ሰማያዊ ይሆናል፣ ይባስ ሲልም ይጠቁራል። መልቲሜትሩ አሁን ያነባል። የተደረበ ስስ ፊልም የለ፣ መጋጠሚያ የለ!

ሌላም አለ። አተሞቹ ያልተሰለፉ ላንታነም አሉሚኔት ሳይሞቅ ቢደረብም መጋጠሚያው ያስተላልፋል። ንብርብር በሌለበት ቮልቴጁን ማን ደረደረው?

የመጀመሪያዋ ተከራካሪ መልስ

ያን ያልተሰለፈ ፊልም በኦክስጅን መልሰው ያሙቁትና ይለኩት፤ አያስተላልፍም። የተሰለፈው ግን ከሙቀቱ በኋላም ያስተላልፋል። በ2012 ደግሞ ላንታነም አሉሚኔቱን ከስትሮንቲየም ቲታኔት ጋር ቀላቅለው የንብርብሮቹን የኤሌክትሪክ ሙል ሲያሳንሱት፣ ማስተላለፍ ለመጀመር የሚያስፈልገው ውፍረት ጨመረ። የእርስዎ የኦክስጅን ጉድለት ብቻውን ይህን ውፍረት እንዴት ያስረዳል?

የሁለተኛው ተከራካሪ መልስ

ብቻውን አያስረዳም፤ ይህን እቀበላለሁ። ነገር ግን በፊልሙ ውስጥ አለ የተባለው ትልቅ ቮልቴጅ በኤክስሬይ ሲፈለግ በተጠበቀው መጠን አልተገኘም። ለእኔ የሚታየኝ ንብርብሩ ገፊ፣ የላይኛው ገጽ የኦክስጅን ጉድለት ደግሞ ሰጪ መሆኑ ነው።

የማልስማማው በአሠራሩ ቅደም ተከተል ነው። አሲዱ ከመነሳቱ በፊት ተማሪው መለካት ይማር። የመልቲሜትር ጫፍ ፊልሙ ላይ ቢጫን መጋጠሚያውን አይነካም፤ በአልትራሳውንድ የሚበየድ የአሉሚኒየም ሽቦ ግን ፊልሙን በስቶ ይደርሳል። ብርሃን ራሱ ኤሌክትሮን ስለሚያነሳና ውጤቱ ለሰዓታት ስለሚቆይ ናሙናው 24 ሰዓት ጨለማ ውስጥ ይደር። በቫኪዩም ሲሠራ መብራት ከጠፋ የፓምፑ ዘይት ወደ ኋላ ተስቦ ናሙናውን ያበላሻል፤ ቫልቩ ወዲያው ይዘጋ። ከሁሉ በፊት ግን ናሙናው ይገልበጥና የመሠረቱ ጀርባ ይለካ። ጀርባው ካስተላለፈ መላው ክሪስታል ኦክስጅን አጥቷል፤ በኦክስጅን ሞቆ እንደገና እስኪለካ ድረስ እኔም ሆንኩ እህቴ በዚያ ናሙና ልንከራከር አንችልም።