ይድረስ ለክቡር የልዋጭ ግምት

ጉዳዩ፦ መኪናዬን ስላዋረዱልኝ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ግምት ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ከረሙ? እኔ ደህና ነኝ። መኪናዬ ግን እርስዎን ካገኘች ወዲህ ሕመምተኛ ሆናለች።

መጀመሪያ የተዋወቅነው አሮጌዋን መኪናዬን ለሻጭ ሰጥቼ፣ በላይዋ ገንዘብ ጨምሬ አዲስ ልወስድ ባሰብኩ ጊዜ፣ በኢንተርኔት ነበር። ሞዴሏን፣ ዓመቷንና የሄደችውን ኪሎ ሜትር ሞላሁ። ወዲያው ብቅ አሉ። ምን ዓይነት ግርማ ሞገስ ነው! ከሥርዎ በደቃቃ ፊደል «መኪናው ታይቶ የሚጸና» የሚል ነገር ነበር። በደስታ ሰዓት ደቃቃ ፊደል ማን ያነባል?

ከዚያ በአካል ተገናኘን። ወኪልዎ መኪናዬን ሦስት ጊዜ ዞራት። እንደ ለቀስተኛ ከንፈሩን መጠጠ። (አንድ ከንፈር መምጠጥ ከእርስዎ ላይ ስንት እንደሚቀንስ ያን ቀን ገባኝ።) ጎንበስ ብሎ የጎማውን ጥርስ አየ። ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች አነበበ፤ 2319። በፈረንጆች 2019፣ 23ኛው ሳምንት ላይ የተመረተ ማለት ነው። የገዛ ጎማዬን ልደት ከሰው ሰማሁ።

ቀጥሎ የቀለም ውፍረት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ አወጣ። በሮቿ ላይ እንደ ሐኪም ያሳርፍ ጀመር። የፋብሪካ ቀለም ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) ነው። የኋላው በር 300 አለ። «ይቺ ተቀብታለች።» አዎ፣ ከአንድ ምሰሶ ጋር መጠነኛ አለመግባባት ነበራት። በሽማግሌ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

«ሁለተኛው ቁልፍስ?»

«ቤት አለ» አልኩ። የት ቤት እንደሆነ አልተጠየቅኩም።

እርስዎ በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ እንዴት ከሱ! ሻጮቹ ያድሷታል፣ እስኪሸጧት ያቆሟታል፣ ማትረፍም አለባቸው፤ ይሄ ይገባኛል። ያልገባኝ ሌላ ነው።

ሌላ ሻጭ ዘንድ ስሄድ እዚያም ጠበቁኝ። ዜሮዎቹን ልቁረጥና ልንገርዎ። አንደኛው ዘንድ 100 ነበሩ፤ አዲሷ መኪና 400። ሁለተኛው ዘንድ 85 ብቻ፤ ያችው አዲስ መኪና 370። እኔ በ100ው ሰክሬ ብዕር አንስቼ ነበር። ልፈርም ስል እርስዎን ከአዲሷ ዋጋ ላይ ቀነስኩ። እዚያ የምጨምረው 300፣ እዚህ 285። ለካ እርስዎ የወፈሩት በእኔው ኪስ ኖሯል! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴት ዘመዴ ሳትሆን አትቀርም።

ሦስተኛው ዘንድ ጭራሽ አልታዩም። ስለ እርስዎ ስጠይቅ «በወር ስንት ይመችዎታል?» ይሉኛል። ለስንት ወር? ስል ስለ ወንበሩ ቆዳ ይነግሩኛል። በጽሑፍ ስጡኝ ስል ደግሞ ዋጋው ለዛሬ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ነገ ምን ይሆናሉ? ይሞታሉ?

ስለዚህ ክቡርነትዎ አይቀየሙኝ። ከእንግዲህ የአዲሷን ዋጋ ጨርሼ ካላስጻፍኩ ስለ አሮጌዋ አፌን አልከፍትም። እርስዎንም ብቻዎን አላነጋግርዎትም። ከአዲሷ ዋጋ ጋር አንድ ወረቀት ላይ ተቀምጠው ይመጣሉ፤ እኔ የማየው ከታች ያለውን ጭማሪ ነው።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለኋላው በር
ለሁለተኛው ቁልፍ፣ ካለበት