እናትን በሜክሲኮ የመጥራት ጣጣ

ስፓኒሽ የሚማር ሰው በመጀመሪያ ከሚሸመድዳቸው ቃላት አንዱ «ማድሬ» ነው፤ እናት ማለት ነው። ይህችን ዕውቀት ሰንቆ ሜክሲኮ ከተማ የገባ ተማሪ ግን ጨዋነቱን ለማሳየት የወዳጁን እናት ደኅንነት በዚሁ ቃል ቢጠይቅ፣ ወዳጁ ፊቱን ቅጭም ሊያደርግበት ይችላል፤ «ቱ ማድሬ» የአገሩ የከባድ ስድብ ማሳረጊያ ነውና፣ ነገር የማይፈልግ ሰው «ቱ ማማ» ብሎ ይጠይቃል።

ሜክሲኳዊ ሲመረው «አስታ ላ ማድሬ»፣ ግድ ሳይሰጠው «ሜ ባሌ ማድሬ»፣ አሻፈረኝ ሲል «ኒ ማድሬስ» ይላል። ትርምሱ «ዴስማድሬ»፣ ቡጢው «ማድራሶ» ነው። መኪና ሥር የተጋደመ መካኒክ የመፍቻው ስም ከጠፋበትም እጁን ዘርግቶ «ያቺን ማድሬ አቀብለኝ» ይላል። ከሁሉ የሚከፋው «ፖካ ማድሬ» ነው፤ ትንሽ እናት እንደማለት። «ኬ ፖካ ማድሬ» የተባለ ሰው ዓይን አውጣ ተብሏል፤ «ዴ ፖካ ማድሬ» የተባለ ምግብ ግን እጅ ያስቆረጥማል። ሰዋስው ጥርስ ሊያሰብር እንደሚችል ያመንሁት እዚህ ላይ ነው።

አባትስ? ደስ የሚል ነገር ሁሉ «ኬ ፓድሬ!» ይባላል። ልጅ ስታሳድግ የኖረችው የትርምስ፣ የቡጢና የመፍቻ ስም ስትሆን፣ ምስጋናው ቤት ውስጥ ለማይገኘውም አባት ጭምር ይደርሳል። (እኛም «እናቴ ትሙት» እያልን በነፍሷ ስለምንምል፣ ብዙ ባንፈርድ ይሻላል።)

ይህ ሁሉ በንቀት እንዳይመስላችሁ። ኤክሴልሲዮር የተባለው ጋዜጣ በ1922 እ.ኤ.አ. ቅስቀሳ ካደረገ ወዲህ ሜይ 10 የእናቶች ቀን ነው፤ ማሪያቺ የሚባሉት የአገሩ ሙዚቀኞች ጎህ ሲቀድ በየደጃፉ ይዘፍናሉ፣ ምግብ ቤቶች ይጨናነቃሉ። በዋና ከተማው በ1949 የተመረቀ የእናት ሐውልትም አለ፤ የተቀረጸበት ጽሑፍ «ሳታውቀን ለወደደችን» የሚል ነው። ጸሐፊው አገሩን ያውቃል መሰል፣ «ማድሬ» የምትለዋን ቃል ከጽሑፉ አላስገባትም።

ቃሉን ሳይናገሩ መሳደብም ይቻላል፤ የመኪና ጥሩምባ በታወቀው ምት አምስት ጊዜ ከተነፋ የሰሚው እናት ተነስታለች። በሜይ 10 ቀትር ላይ ታዲያ፣ አበባውን ከጎኑ አስቀምጦ ወደ እናቱ ግብዣ የሚጣደፈው ሾፌር መንገድ ሲዘጋበት፣ ከፊቱ ያለውን ሾፌር አምስቴ ይነፋበታል፤ የፊተኛውም የራሱን አበባ እንዳይወድቅ በአንድ እጁ ደግፎ፣ በሌላው አምስቴ ይመልስለታል።